የፋጡማ ዘለቀ ተርብ

ፋጡማ ዘለቀ አረፈች ብለው ሲደውሉልኝ ከአፌ ቀድሞ የወጣው «የት ልትሄድ ስትል?» የሚል ጥያቄ ነበር። ደዋዩ ግራ ገባው። ደሴ ለሕክምና ሄዳ፣ አልጋ ላይ ተኝታ፣ ሌላው ሰው ሁሉ እንደሚሞተው መሞቷን ደጋግሞ ቢነግረኝም አልዋጥልኝ አለ። ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ከመኪና ስትወርድ፣ ማሽላ መሃል ስትሮጥ፣ ደራሽ ውኃ ስትሻገር ቢሉኝ ወዲያው አምን ነበር። ፋጡማን ተኝታ ላስባት አልቻልኩም። ቁጭ ብላ እንኳ ያየኋት ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ሻይ የምትጠጣው ቆማ ነበር። እዚህ መካነ ሰላም አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለታችንም ባዮሎጂ እናስተምር ነበርና በመምህራን ማረፊያ ክፍል ወንበሯ ከወንበሬ አጠገብ ነው፤ የሚቀመጥበት ግን ቦርሳዋ ነው። ብርጭቆዋን ይዛ ከመስኮት ወደ መስኮት ትመላለሳለች፤ አጥሩ ሥር ያለውን ሣር አሻግራ ታያለች፤ ከዚያ ግማሹን ሻይ ጠረጴዛ ላይ ትታ ትወጣለች። የቀረውን የምጠጣው እኔ ነበርኩ። እኔ ቁጭ ማለት የምወድ ሰው ነኝ። ነበርኩ ልበል እንጂ፤ እሷ ከሞተች ወዲህ እኔም መቀመጫዬን እሾህ ወግቶኛል፤ ይህችን እስክጽፍ እንኳ ስንቴ ተነሣሁ።

በዕድሜ ትበልጠኛለች። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን በደንቡ «እርስዎ» ብላት አቋረጠችኝ።

«አንቺ በለኝ። አንቱታ ረጅም ነው፤ አንተ እሱን እስክትጨርስ እኔ ሄጃለሁ።»

ለዚህ ነው ይህን ስጽፍም «እሷ» የምላት። ሞተች ብዬ ማዕረግ ብጨምርላት አትወድልኝም።

ተማሪዎቹ ያወጡላት ስም «ተርቧ» ነበር። ምላሷ ስለሚናደፍ ነው የሚሉ ነበሩ፤ እውነትም ይናደፋል። ዋናው ምክንያት ግን ዕድሜዋን ሙሉ አንዲት ተርብ ስታሳድድ በመኖሯ ነው። ተርብ ስል ጣሪያ ሥር ቤት ሠርቶ ሕፃን የሚያስለቅሰው ቢጫው እንዳይመስላችሁ። የፋጡማ ተርብ ከአቧራ ቅንጣት አትበልጥም። ክንዳችሁ ላይ ብታርፍ አታውቋትም፤ ሰው መንደፍም አትችልም። ማይክሮስኮፕ ሥር ሲያዩዋት ግን ቀጫጭን ክንፎቿ ዙሪያቸውን በረጃጅም ፀጉር ተከበው፣ የነጠላ ዘርፍ መስለው ይታያሉ። ፋጡማ ይህን ለተማሪ ስታሳይ ድምፅዋ ይቀንሳል፤ እግሯ ግን ያው እንደተወዛወዘ ነው።

የዚህች ተርብ መተዳደሪያ የሌላ ነፍሳት እንቁላል ነው። በበቆሎና በማሽላ ቅጠል ላይ ጭማቂ እየመጠጠ የሚኖር፣ ሊነኩት ሲሉ ተስፈንጥሮ የሚጠፋ ትንሽ ነፍሳት አለ። ገበሬው ከሚዘለው ሁሉ ጋር ደምሮ «ፌንጣ» ይለዋል፤ እሷ «ቅጠል ዘላይ» ትለው ነበር። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው በሽታ ስለሚያጋባ ማሳ ያበላሻል። እንቁላሉን ከቅጠሉ ቆዳ ሥር ይሸጉጠዋል። ተርቧ ያንን የተሸጎጠ እንቁላል ፈልጋ አግኝታ የራሷን እንቁላል ትጥልበታለች። ልጇ የዘላዩን እንቁላል ከውስጥ በልታ ስትጨርስ ቅጠሉን በስታ ትወጣለች። በቃ ይኼው ነው። ሰው ሳይደክም፣ መድኃኒት ሳይረጭ፣ ዘላዩ ሳይፈለፈል ይቀራል።

ተርቧ ምን እንደምትሠራ ፋጡማን አላስጨነቃትም፤ እሱ የታወቀ ነው። ያስጨነቃት ማን ናት የሚለው ነበር። እሷን የሚመስሉ፣ ዓይን የሚያምታቱ ብዙ ዓይነቶች በዓለም ላይ አሉ፤ ወገኑ በጠቅላላ «አናግሩስ» ይባላል። ይህን ስም ክፍል ውስጥ የጠራች ቀን ተማሪው በሳቅ ፈረሰ።

«ቲቸር፣ ማንን ነው የምናናግረው?» አለ አንዱ።

«እሷን ነዋ» አለች ማይክሮስኮፑን እያሳየች፤ «የማን ዘመድ እንደሆነች ራሷን አናግሯት። እኔን ምን ታደርጉኛላችሁ?»

ወደ ወግዲ ስንወርድ አብሬያት የሄድኩባቸው ቀናት አሉ። መኪናው ገና ከመውጣቱ ዓይኗ ከመንገዱ ዳር አይነቀልም፤ አንድ የተለየ የሣር ጥግ ካየች «ወራጅ አለ!» ትላለች። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ ሾፌሮቹ ለምደዋት ፍሬን ይይዛሉ። ማሽላ ውስጥ ገብታ በአንዲት ቀጭን ቱቦ ነፍሳቱን ወደ ጠርሙስ እየመጠጠች ትሰበስባለች። አንድ ቀን ባለ ማሳው ደረሰባት።

«አንቺ እመቤት፣ ከማሳዬ ምን እየመጠጥሽ ነው?»

«የሚመጥጥብህን እየመጠጥኩልህ ነው» አለችው ቀና ሳትል።

ሰውየው እኔን አየኝ፤ እኔ ደግሞ ሰማዩን አየሁ።

ከእሷ ጋር መሥራት አያሳርፍም። «ይህ እንዲህ ነው» ብላችሁ አንድ ነገር ስትናገሩ «አይተህ ነው ወይስ አውቀህ?» ትላለች። ከአንድ ቅጠል ሁለት ዓይነት ተርብ የወጣልን ጊዜ፣ የአንዷ የራስ ቀንድ ጫፉ ላይ ያበጠ፣ የሌላዋ ረጅም ክር የመሰለ ነበርና «ሁለት ዘር ናቸው» አልኩ በሙሉ ልብ። ያንን ጥያቄዋን ጠይቃኝ ሄደች። ክረምቱን በሙሉ ቅጠል እየቆረጠች፣ እርጥብ ወረቀት ላይ እያሳደረች፣ የሚወጣውን እያየች ሰነበተች። በመጨረሻ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ ሳትቆም «ባልና ሚስት ናቸው» አለችኝ፤ «አብሽር፣ ባልና ሚስትን ለያይቶ ሁለት ዘር ያደረገ ፕሮፌሰርም ሞልቷል።»

አሁን ስለ ጋሽ ዘለቀ ልናገር፤ ያለ እሳቸው ፋጡማ ፋጡማ አትሆንም።

ጋሽ ዘለቀ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዕድሜያቸው ቢገፋም ዋናው መንገድ ላይ ካለው በረንዳቸው ዛሬም አልጠፉም። ሚስታቸው ቀድማቸው ሞታለች፤ ልጅ አልወለዱም። የፋጡማ እናት በዚያ በረንዳ ሥር ሽንኩርትና በርበሬ ትቸረችር ነበር። አባቷ አህመድ፣ ፋጡማ ገና ድክ ድክ ስትል፣ ለእርሻ ወደ አባይ በረሃ ወርዶ ወባ እዚያው አስቀርቶታል። የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲደርስ እናቷ ታማ ተኛች። ጋሽ ዘለቀ መቀሳቸውን አስቀምጠው ልጅቷን በእጃቸው ይዘው ሄዱ።

መዝጋቢው «ስም?» አለ። «ፋጡማ» አሉ። «የርስዎስ?» አላቸው። ያስመዘገበ ሰው ስሙን የሚሰጥ መስሏቸው «ዘለቀ» አሉ። መዝጋቢው ግን አባቷ መስለውት ነበር የጠየቃቸው። ፋጡማ ዘለቀ ተብሎ ተጻፈ።

ስህተቱን ሲረዱት ሊያስተካክሉ ተመለሱ፤ መዝገብ አይሰረዝም ተባሉ። ከዚያ የስምንተኛ ክፍል ፈተና መጣ፣ ዲፕሎማ መጣ፣ ዲግሪ መጣ፤ ሁሉም በዚያው ስም ሄደ። ወሎ ውስጥ ፋጡማ ዘለቀ የሚል ስም ማንንም አያስገርምም፤ የእኛ አገር ዘር ሐረግ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ደርሶ ይመለሳል። እንቅልፍ ያጣበት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«የሙት ሐቅ በላሁ» ይላሉ። ሐቅ ሲሉ ለሰው የሚገባውን ድርሻ ማለታቸው ነው። «አህመድ ከዚህ ዓለም ያተረፈው ይችኑ አንዲት ልጅ ነው። በሷ ስሙ ይጠራለት ነበር። እኔ በአፌ ወሰድኩበት።»

እናቲቱ በሕይወት ሳለች «አብሽሩ ጋሼ፣ ኸይር ነው» ትላቸው ነበር አሉ። እሳቸው ግን አልተጽናኑም። ለልጅቷ ዩኒፎርም ሰፉላት፣ ደብተር ገዙላት፣ ኮሌጅ ስትሄድ ሻንጣዋን ተሸክመው መናኸሪያ ድረስ ሸኟት፤ አንድም ቀን ግን «ልጄ» ብለው አልጠሯትም። ሲቆጡ «አንቺ ልጅ»፣ ሲለሰልሱ «ፋጤ» ነው። እሷም «አያ ዘለቀ» ከማለት አላለፈችም። ሁለቱም በዚያ ቃል ዙሪያ እየተሽከረከሩ ኖሩ።

ፋጡማ ነፍሳት ማጥናት ስትጀምር ግን ጋሽ ዘለቀ ሥራ አገኙ። ተርቦቹ እንዳያመልጡ ቅጠሉ ላይ የሚታሠር ከረጢት ያስፈልግ ነበርና ከስስ ሻሽ ይሰፉላት ገቡ። በረንዳው ላይ የሙሽራ ልብስ ተሰቅሎ ከጎኑ እነዚያ ትንንሽ ከረጢቶች ይንጠለጠላሉ። ደንበኛ «ይህ ምንድን ነው?» ሲላቸው «የተርብ አጎበር» ይላሉ ኮስተር ብለው።

ዲጂታል መታወቂያ የመጣ ጊዜ ወረፋ ይዘን ሳለ እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። መዝጋቢዋ «የአባት ስም?» አለቻት። «ዘለቀ።» «የአያት ስም?» የጋሽ ዘለቀን አባት ብትል ውሸቱን በውሸት መደረብ ነው። የአህመድን አባት ብትል አህመድ ተዘሎ ይቀራል። አገጯን ስታሽ ቆየችና «ይቆየኝ» ብላ ወጣች። ሮጬ ደረስኩባት።

«አንዱን ብትነግሪያት ምን አለበት?»

«የአንዲት ተርብ አያት ሳላጣራ አልጽፍም» አለች፤ «የራሴን እንዴት ልጻፍ?»

መታወቂያውን ሳታወጣ ሞተች።

ያቺ የወግዲ ተርብ ከዚህ ቀደም ስም እንዳልወጣላት ሲረጋገጥ ፋጡማ እንደ ማንም ሰው አልጨፈረችም። ጭራሽ ችኮላዋ ባሰባት። ሥዕሎቹን በእርሳስ ሣለች፣ ናሙናዎቹን አዲስ አበባ ሙዚየም አስቀመጠች፣ ኔትወርክ ሲመጣ ተሯሩጣ ጽሑፉን ለውጭ አገር መጽሔት ላከች። ለምን እንደምትጣደፍ ኋላ ነው የገባኝ። ጋሽ ዘለቀ እያረጁ ነበር። ስማቸውን የሚያስጠራ ልጅ የላቸውም፤ እሷ ደግሞ የስም ማውጣት መብት እጇ ገብቷል። ሳይሞቱ ልታሰማቸው ፈልጋ ተርቧን «ዘለቀኢ» አለቻት። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ» ስሙን ላቲን ለማድረግ የምትገባ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ደንብ ላስረዳ፤ ጣጣው የመጣው ከእሱ ነው። የአንድ ፍጥረት ስም ሲጻፍ መጀመሪያ የወገኑ፣ ቀጥሎ የራሱ፣ ከኋላ ደግሞ ስሙን ያወጣለት ሰው ስም ይከተላል። ፈረንጆች ሰውን የሚጠሩት በሁለተኛው ስሙ ነውና ፋጡማ ለእነሱ «ዘለቀ» ናት። ስለዚህ ተርቧ «አናግሩስ ዘለቀኢ ዘለቀ» ልትባል ሆነ። የመጽሔቱ አዘጋጅ መልስ ላከ። በትሕትና ነው የጻፈው፤ ሰው በራሱ ስም ፍጥረት መሰየሙ በሙያው ዘንድ ነውር ስለሆነ ሌላ ስም እንድትመርጥ ይጠይቃል።

ያን ቀን ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ በሩ ተመላለሰች፤ እኔም እግሬ እስኪቃጠል ተከተልኳት።

«ለራሷ ሐውልት አቆመች አሉኝ እኮ!»

«አስረጂያቸው።»

«ምን ብዬ? ዘለቀ እኔ አይደለሁም ብዬ? ወረቀቴ ሁሉ ነሽ ይላል። አባቴ ናቸው ብዬ? አይደሉም።» ትንሽ ሄደችና ቆመች። ፋጡማ መቆሟ ገረመኝ። «አባቴ አይደሉም ብዬ ልጽፍ ቁጭ አልኩ፤ ወላሂ እጄ እምቢ አለኝ።»

እንደምንም አስረዳች። አዘጋጁ ይቅርታ ጠየቀ፤ ነገሩን ለእሷ ተወው፤ ሆኖም ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን የሚያይ አንባቢ ታሪኩን ስለማያውቅ መሳቁ እንደማይቀር ነገራት። ፋጡማ ሰው ሲስቅባት አትወድም። ያን ዕለት ግን «ይሳቁ» አለችና እጄን ይዛ ወደ ጋሽ ዘለቀ በረንዳ ወሰደችኝ። እሳቸው እስከዚያች ሰዓት ምንም አያውቁም።

«አያ ዘለቀ፣ ያችን ተርብ በስምዎ ልጠራት ነው።»

የስፌት ማሽኑ ቆመ። «የቷን ተርብ?»

«አጎበር የሰፉላትን።»

«ማን ሊጠራው ነው ስሙን?»

«ተርብ የሚያጠና ሰው ሁሉ፣ በየትም አገር። እርስዎም እኔም ከሞትን በኋላ ይጠራል።»

ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን አወለቁ። ደስታ ያስለቀሳቸው መስሎኝ ፊቴን አዞርኩላቸው።

«እንዲያ ከሆነ» አሉ፣ «አህመድ በያት።»

«አያ ዘለቀ…»

«የሱን ሐቅ አንዴ በልቻለሁ። ሁለተኛ አታብዪኝ።»

«እኔ እኮ አህመድን አላውቀውም። መልኩን እንኳ አላስታውሰውም። ትምህርት ቤት የወሰዱኝ፣ ዩኒፎርም የሰፉልኝ፣ መናኸሪያ የሸኙኝ እርስዎ ነዎት።»

«ዩኒፎርም ማንም ይሰፋል። ሙት ግን አፉን ከፍቶ አይናገር፣ መጥቶ አይከስ። ሰው ካላሰበለት ማን ያስብለታል?»

«ዘለቀ ነው የምላት። አለቀ።»

«እንግዲያውስ ወላሂ ሁለተኛ አጎበር አልሰፋም» አሉ። ክርስቲያኑ ጋሽ ዘለቀ ሲመራቸው የሚምሉት በወላሂ ነው። ማሽኑን መልሰው አስነሡት፤ ፋጡማ ከበረንዳው ወርዳ ሄደች። ከያዙት ሽሚዝ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያለ ክር ሲሰፉ አየኋቸው።

ከዚያ ወዲያ በዋናው መንገድ መሄድ ተወች። በኋላ በር ዞራ፣ በገደላማው በኩል ትመጣለች። እኔ መሃል ላይ ተላላኪ ሆንኩ። እሳቸው «ፋጤ ደኅና ናት? ከስታለች አሉኝ» ይሉኛል። እሷ «አያ ዘለቀ ይበላሉ? አሁንም ያለ ክር ይሰፋሉ?» ትለኛለች። ሂጂና እይ ስላት ትቆጣለች። አዘጋጁ መልስ ይጠብቃል። እሷ ዘለቀ ብላ ብትልክ ሰውየውን ታቆስላለች፤ አህመድ ብላ ብትልክ እሳቸው ያለ አስጠሪ ይቀራሉ። ስሙን ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ ትነሣለች፣ ሻዩን ትታ ትወጣለች። የእውነትም ከስታ ነበር። በችኮላዋ አመካኘሁት እንጂ በሽታው ያኔ ጀምሯት ኖሯል።

አንድ ጠዋት ማረፊያ ክፍል ስገባ ያለወትሮዋ ስልኳ ላይ አቀርቅራ አገኘኋት። እያየኋት በድንገት ሳቀች። ያን ሳቋን ሰምቼው አላውቅም፤ እንደ ልጅ አፏን ይዛ ነው የሳቀችው።

«ምን ተገኘ?»

«ላክሁት። አህመድ አልኳት።»

«እሳቸው አሸነፉሽ በይኛ።»

«ያሉትን ነው ያደረግሁት፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩም።» ደግሞ ሳቀች። «አንተ ግን አትንገራቸው። ታትሞ ሲወጣ ወስደህ ሙሉ ስሟን አንብብላቸው። ሙሉውን ነው ያልኩህ፤ መሃል ላይ እንዳታቆም።»

«ራስሽ አታነቢላቸውም?»

«እኔ ደሴ ደርሼ ልምጣ። ሆዴን ያመኛል፤ ይዩልኝ።»

ከዚያም ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አንሥታ መሬት አስቀመጠችና ቁጭ አለች። ሻይዋን እስከ መጨረሻው ጠጣች። ዕረፍት ያገኘች መስሎኝ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ደክሟትም ነበር።

ከደሴ የመጣው አስከሬኗ ነው።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የአህመድ ታናሽ ወንድም ከከላላ መጥቶ በባለሐዘን ቦታ ተቀምጧል። ጋሽ ዘለቀን ከጎኑ ሊያስቀምጣቸው ቢነሣላቸውም እምቢ ብለው በሩ አጠገብ፣ ሰው ጫማ የሚያወልቅበት ቦታ ላይ ተቀመጡ። ከወግዲ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «እርስዎ ምኗ ነዎት?» ብለው ሲጠይቋቸው ሰማሁ።

«ጎረቤት ነኝ» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

ተነሥቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለእኔ መቅሰፍት ነበሩ። መጽሔቱ አልወጣም፤ ኔትወርክ ሲመጣ እከፍታለሁ፣ አጣለሁ፣ እዘጋለሁ። ጋሽ ዘለቀ በረንዳቸው ላይ እየከሱ ሄዱ። ሳልፋቸው «አለህ?» ይሉኛል እንጂ ስለ ተርቧ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ዘለቀ ብላ የላከችው እየመሰላቸው እንደሚቃጠሉ አውቃለሁ። አትንገራቸው ተብያለሁና አፌን ይዤ አልፋለሁ። ሳይታተም ቢሞቱብኝስ እያልኩ ክፍል ውስጥ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ የወጣሁበት ቀን አለ። ተማሪዎቹ «ተርቧ በእሱ ሆነችበት» አሉ።

የወጣ ዕለት ጠመኔ የነካው እጄን እንኳ ሳልታጠብ ወደ በረንዳው ሄድኩ። ጋሽ ዘለቀ የሰው ኮት ገበር ፈትተው ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል።

«ጋሼ፣ ወጣ።»

ምኑ ብለው አልጠየቁም። ኮቱን ወደ ጎን አደረጉት። «እሷ እንደፈለገች ነው?»

«እርስዎ እንደፈለጉ ነው። አህመድ ብላታለች።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። የያዙት መርፌ ከእጃቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። በቃ እዚህ ላይ ልተወው ዳድቶኝ ነበር። መሃል ላይ እንዳታቆም ያለችኝ ትዝ አለኝ።

«ሙሉ ስሟን አንብብላቸው ብላኛለች።»

«እስቲ አንብብ።»

«አናግሩስ አህመዲ ዘለቀ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «ድገመው።»

«አናግሩስ አህመዲ ዘለቀ።»

«አህመድ ዘለቀ?»

የመጨረሻው የስም አውጪዋ ስም እንደሆነ፣ ፈረንጆች ሰውን በሁለተኛ ስሙ እንደሚጠሩ ላስረዳ ጀመርኩ። አይሰሙኝም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«አህመድን ልጄ አደረገችው እንዴ?»

ያን ጠዋት ያሳቃት ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ጋሽ ዘለቀም ይስቁ ጀመር። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳያወጡ ሳቁ፤ ሲቆይ ሳቅ መሆኑ ቀርቶ ለቅሶ ሆነ። እንባቸውን በሰው ኮት ገበር ጠረጉ። ከዚያ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ፣ መታወቂያ እንደሚያስሞላ ሰው ቀስ ብለው ጠሩት።

«ፋጡማ… አህመድ… ዘለቀ።»

የመታወቂያው ወረፋ ላይ ባዶ ትታው የወጣችው የአያት ስም ቦታ ትዝ አለኝ።

ጋሽ ዘለቀ ጎንበስ ብለው መርፌያቸውን ከመሬት ይፈልጉ ጀመር። ዳብሰው አገኙት፤ ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩት።

«ታዲያ እኔ ምን ወሰድኩ?» አሉ። «የልጅ ልጄን ነዋ ትምህርት ቤት ያስገባሁት።»